ዲያቆኑ ዛሬ አልመጣም

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት።

ልሳኑ ነው። የዚህ ሁሉ ተጠያቂ እሱ ነው። አባቴ አይደለም፣ ባሌ አይደለም፣ ዘመኑም አይደለም። ታላቅ ወንድሜ መ/ጌታ ልሳኑ። አሁን ሳሎን ተቀምጦ ሻዩ እስኪበርድለት ይጠብቃል። ብርጭቆው የት እንዳለ በጣቱ ጫፍ ይፈልጋል። አይቼ ዝም እላለሁ። ሲያገኘው እኔም የራሴን እጠጣለሁ።

ፊት ለፊት አንቱ፣ ጋሼ፣ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው። ደብተሬ፣ አንቺ ለማንም አትናገሪም። ደግሞም አታርሚኝም።

ዛሬም አነበብኩለት። ዘፍ.፣ ከአብርሃም ሞት ጀምሮ። ፊት ለፊት የሚሠራው ፎቅ መዶሻው አላስነብብ ቢለኝ የበረንዳውን በር ዘጋሁት። ከዚያ ደግሞ ሙቀቱ።

አንድ ቁጥር አነባለሁ። በመቋሚያው ወለሉን ኳ ያደርጋል። እቆማለሁ። ትርጓሜውን ይናገራል፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው። ሲጨርስ ደግሞ ኳ። እቀጥላለሁ። አገር ቤት ተማሪዎቹን እንደዚህ ነው የሚያስነብባቸው። በስልሳ ሰባት ዓመቴ ተማሪው ሆንኩ። በዘጠኝ ዓመቴ ለምኜ ያጣሁትን።

ረቡዕ፣ የካቲት 5።

ከዓይን ሐኪሙ ተመለሱ። የወሰደችው ልጄ ሰላም ናት። ሐኪሙ አዝናለሁ ብሏል። ነርቩ ሞቷል፣ በቀዶ ጥገና የሚመለስ አይደለም። እሱስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ሐኪሙን መረቀው አለችኝ። ሰላም በእንግሊዝኛ እየተረጎመችለት ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ወደ አገር ቤት የሚመለስበት ቲኬት ለሐሙስ፣ የካቲት 20 ተቆርጧል። እንግዲህ ያለኝ ጊዜ እስከዚያ ነው።

ለምን እንደማነብለት ላንቺ ልንገርሽ። አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ደህና አነበብሽ እንዲለኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ አይመጣም። ደህና አነበብሽ ብቻ። ለማንም ተማሪ የሚለውን።

ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ናይሮቢ ነው። ባሌ ሞቶ፣ ሰላም እሷ ዘንድ ካመጣችኝ በኋላ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤ/ክ ጀርባ ባለው ክፍል እዚህ ለተወለዱ ሕፃናት አማርኛ ያስተምራሉ። ገብቼ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪው የልጅ ልጄን ልወስድ የመጣሁ መስሎት፣ ገና አልጨረስንም፣ ውጭ ይጠብቁ አለኝ። ልማር ነው የመጣሁት አልኩት። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ ከሀ ጀመርኩ። አንዷ ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ስሳሳት ጆሮዬ ስር ትጠጋለች። ኖ፣ አያቴ፣ ይሄ «ቸ» ነው፣ ኮፍያ አድርጓል።

ኮፍያውን እስካሁን ሳየው ያስቀኛል። ሌላው ብዙም አላሳቀኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ከሰዓት።

ላቪንግተን ሰፈር፣ ምሕረት ቤት። ምሕረት አዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ ታስተምር ነበር። አሁን እርዳታ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ትጽፋለች። ሪፖርት ነፍሴን አደረቃት ትላለች። ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን ሴቶቹን ሰብስባ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ድርሰት የምታስነብበን። ከቤ/ክ ሴቶች ያልወደዱት አሉ። ድርሰት ሲባል ውሸት መሰላቸው። እኔም መጀመሪያ መስሎኝ ነበር።

ሕጓ አጭር ናት። ምን ያስተምረናል ብሎ መጀመር የለም። ምን ሆነ፣ ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ የማን ልቅሶ ታለፈ። እሱ ይቅደም ትላለች።

ዛሬ ይስሐቅ። ዓይኑ የጠፋው አባት፣ ሁለቱ ልጆች፣ እጅ ላይ የተጠቀለለው የጠቦት ቆዳ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ግን ሁልጊዜ ከትርጓሜው ጋር። ትርጓሜው ቀድሞ ይደርስና ሰዎቹን ይሸፍናቸዋል። ያዕቆብ ሌላ ሕዝብ ነው፣ ኤሳው ሌላ ሕዝብ ነው፣ በቃ። ማንም ቤት ውስጥ የለም።

ምሕረት ሽማግሌው ምኑን አመነ ብላ ጠየቀች። እጁን አመነ። አፍንጫውን አመነ። ምላሱን አመነ። እውነቱን የነገረው ጆሮው ብቻ ነበር፣ እሱን ሳያምነው ቀረ። ስኒዬን አስቀመጥኩት። ደግሞ ሌላ ነገር አሳየችን፤ ወንድማማቾቹ በዚያ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት አይገናኙም። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። እናታቸው ደግሞ ተደብቃ ትሰማለች። እሷን አውቃታለሁ፣ እኔም ከግድግዳ ኋላ ነው የተማርኩት አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ከዚያ ኤሳው ይገባል። ዘግይቶ። ምግቡን ሠርቶ፣ ደስ ብሎት። ምርቃቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አልቋል። ይጮኻል። ለእኔ የቀረ የለህም ወይ ይለዋል አባቱን። የጻፈው ሰው እዚያ ላይ አይቸኩልም። እስኪበቃው ያስለቅሰዋል።

ይህን ሁሉ ዘመን ሰምቼ ልቅሶውን አልሰማሁትም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምዕራፉን ዳር እስከ ዳር ድምፅ ብቻ እንሰማዋለን አለች ምሕረት። መጽሐፍ ዘግተን፣ ያለ አስተያየት። እማማ ጥሩወርቅ ያነቡልናል። እሺ አልኩ። ምን ነካኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9።

ቅዳሴ አልሄድኩም። ጉልበቴ።

ከግድግዳ ኋላ ያልኩትን ልጻፈው። አባታችን ልሳኑን ዳዊት ያስነብበው ነበር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ደጅ ላይ። እኔ ከቤቱ ኋላ ጥጥ እየፈለቀቅኩ እሰማለሁ። አንድ ቀን ተደናቀፈ፤ ቃሉ አልመጣለትም፤ ላቡ ሲወርድ በቀዳዳ አየሁት። ሳቅሁ። ሰማኝ። አባቴን ቀና ብሎ አየና፣ እሷ ካለች አልማርም አለ።

ያን ብቻ ነው ያለው። ሳምንት ሳይሞላ አክስቴ ቤት ተላክሁ፣ ማዶ አገር። እዚያ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከዚያው ተዳርኩ።

አሁንም ቢደናቀፍ እስቃለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11።

ደረስንበት። ምዕ. 27። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም፣ ተለማምጄዋለሁ። ዝግ ብዬ አነበብኩ። የሽማግሌውን እንደ ሽማግሌ፣ የልጁን እንደ ፈሪ ልጅ። ኳ አለ። እንደ ዘፋኝ አታድርጊው አለኝ። እንደ ደረቅ እንጨት አደረግኩት። ዝም አለ፣ ተስማማው ማለት ነው።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ ነበር የሚሰማው፣ ዓይኑ ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ እያየ። እዚያ ላይ የተቀመጠች ሌላ ሴት ያለች ይመስል።

ኤሳው ገባ። ጩኸቱ ጋ ደረስኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ኳ። ትርጓሜው ጀመረ፤ ብኩርናውን የናቀ፣ ዓለምን የመረጠ፣ አንድም፣ አንድም። ረጅም ነበር። ሲጨርስ ልቅሶው በርዷል። የቀረውን እንደ ዕቃ ዝርዝር አነበብኩት።

ዋንጂሩ፣ ቤት የምታግዘን ሴት፣ ልብስ እያጠፈች ታየን ነበር። በስዋሂሊ ጠየቀችኝ፣ ጉካ በየደቂቃው ለምንድን ነው የሚያስቆምሽ። ጉካ ወንድ አያት ማለት ነው በእነሱ ቋንቋ፣ እኔን ሾሾ፣ ሴት አያት፣ ትለኛለች። እየገለጸልኝ ነው አልኳት። ሳታነቢው እንዴት ይገለጻል አለች። ሸሚዙን አራግፋ ሄደች።

ሐሙስ፣ የካቲት 13። ከሰዓት።

ፊደሉ ቢበላሽ ቻይኝ።

አብሮት የተማረ፣ አሁንም ደብር የሚያገለግል ባልንጀራው ከአገር ቤት ደወለለት። በረንዳ ላይ አስቀምጬው ስልኩን አስይዤው ገባሁ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም፤ ወጥ ቤት ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። የዓይኑን ነገር ነገረው። ያኛው አጽናናው መሰለኝ። ከዚያ ንባብስ እንዴት እየሆነልህ ነው ሳይለው አልቀረም፣ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

«አንድ ዲያቆን እየመጣ ያነብልኛል። ልጁ ጎበዝ ነው። ንባቡ ይጣፍጣል፣ ማቆሚያውንም ያውቃል።»

ዲያቆን። እዚህ ቤት ዲያቆን መጥቶ አያውቅም። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ ውኃ የሚያመጣው ሰው እንኳ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ አልወጣም ይላል።

ቆሜ ቀረሁ። ድስቱ ገነፈለ። የጠበቅኩትን ቃል ተናገረ፣ ከጠበቅኩትም አብልጦ። ንባቡ ይጣፍጣል። ለሌለ ሰው ሰጠው።

እና ኤሳው ምን አደረገ ታዲያ? አለቀሰ። እኔ ምድጃውን ጠረግኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 14።

ከቁርስ በኋላ እንደ ልማዱ መቋሚያውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ ተዘጋጀ። በይ እንግዲህ አለኝ።

«ዲያቆኑ ዛሬ አልመጣም» አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በዚህ ጊዜ በትክክል። ታችኛው መንገድ ላይ ማታቱ፣ የዚህ አገር ታክሲ ሚኒባስ፣ ሙዚቃውን ለቆ አለፈ። ታሞ ይሆን አለ፣ በዝግታ።

አላውቅም፣ ጋሼ፣ አልኩት። አንቱ ነዎት የሚያውቁት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀኑ ረዘመ።

እሑድ፣ የካቲት 16።

ነገ ጾም ይገባል። ሰላም ሥጋ ገዝታ መጣች፣ ሦስታችን በላን። እሷ ስልኳን ታያለች። እሱ ያኝካል። እኔ እሱ ሲያኝክ አያለሁ። ምን ሆናችሁ አለችን። ምንም አልን፣ ሁለታችንም፣ እኩል።

ከዓርብ ጀምሮ ለብቻዬ አነባለሁ፣ ክፍሌ። አዲስ ነገር አገኘሁ። ያለ ድምፅ። ፊደል ስማር በድምፅ ነው፣ ስሰማም በድምፅ ነው፤ ዝም ብሎ ማንበብ ይቻላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ከንፈሬን ዘግቼ ሞከርኩ። ሰዎቹ መጡ። ግን ሩቅ ናቸው፣ በመስኮት እንደማየት። ልያ ጋ ደረስኩ፤ ባሏ ያላፈቀራት፣ ልጅ በወለደች ቁጥር አሁን ይወደኛል የምትለዋ። እያንዳንዱን ልጅ ስም ስታወጣ ያንኑ ተስፋ ትሰጠዋለች። ታሪኩን የጻፈው ሰው አላዘነላትም፣ አልሰደባትም፣ ብቻ ስሞቹን ደርድሮ ተዋት። ይህን ለአንድ ሰው መንገር አማረኝ።

ሰላምን ጠራኋት። ስብሰባ ላይ ነኝ አለች፣ በጆሮዋ የሰካችውን እያሳየችኝ። እሑድ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18።

ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤት ድምፅ ሰማሁ። የንባብ ድምፅ። ዋንጂሩ ናት፣ የራሷን መጽሐፍ ዘርግታ፣ በስዋሂሊ። እሱ ማብሰያው አጠገብ፣ ትንሿ በርጩማ ላይ፣ መ/ጌታ ልሳኑ፣ ሽንኩርት ልጣጭ መሃል። አንድ ቃል አይገባውም። ስሞቹን ብቻ ነው የሚያውቃቸው። ኢሳካ ስትል ራሱን ይነቀንቃል። ያኮቦ። ኤሳው።

መቋሚያው መሬት ላይ ተጋድሟል። አያስቆማትም። ትርጓሜ የለም። እሷ በሚያስለቅሰው ቦታ ላይ ጣፋጭ ድምፅ አላት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የምትዘምር ናት።

በሩ ላይ ቆምኩ። ደግሞ ከበር ኋላ።

ዋንጂሩ አየችኝና፣ ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ሾሾ፣ ራሱ ነው የጠየቀኝ አለች። በእጁ መጽሐፉን እየዳበሰ ጠይቋት ነው። እሱ ግን ዞሮ፣ የት ደርሳለች አለኝ።

ኤሳው ከአደን ሊመለስ ነው አልኩት።

ገብቼ ሽንኩርቱን ጠረግኩ። ቀናሁ። አዎ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ በሽንኩርት መካከል ቀናሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19። ማታ።

ነገ ይሄዳል። ሻንጣውን እኔ አሰናዳሁለት። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መቋሚያውን ከጎኑ አስደግፎ፣ ካልደከመሽ አለኝ። በይ እንግዲህ አላለም። ካልደከመሽ።

ከየት ልጀምር አልኩት። ከዚያው አለ።

አነበብኩ። በዘፋኝም በእንጨትም አይደለም፣ እንደመጣልኝ። ሽማግሌው ልጁን ሲዳስስ ወንድሜ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያሻሽ አየሁት። ያዕቆብ ወጣ። ኤሳው ገባ። ጩኸቱ ጋ ደረስኩና ኳ። አንድም አላለም። እግሩን አየሁ፣ እጁን አየሁ። ትርጓሜውን የረሳ መሰለኝ፣ ፈራሁለት። ከፊቱ ያለው ግድግዳ ነው፣ እሱ ግን የሆነ ነገር ያይ ነበር።

«አክስትሽ ዘንድ ስትሄጂ» አለ፣ «አልቅሰሽ ነበር እንዴ?»

ይህን ሁሉ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ስንት ዓይነት መልስ። ወንዙን ስንሻገር የሆንኩትን። የወሰደኝ አጎቴ አፌን በነጠላዬ የያዘውን።

«አላስታውስም፣ ጋሼ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ኳ አደረገ። ቀጠልኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20።

ሸኘነው። ታክሲው ሲመጣ ተሰናበተን። እጄን ፈለገ፣ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳበሰ፣ ማን እንደሆንኩ የጠፋው ይመስል። አሁን ይላል አልኩ በልቤ። አሁን።

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ አለ። ከዚያ ሰላምን፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ዋንጂሩንም። የታክሲውንም ሹፌር፣ ያንኑ። ሹፌሩ አሜን አለ፣ ቀበቶውን እያሰረ።

ዲያቆኑን ሰላም በሉልኝ አላለም። ትንሽ ጠብቄ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22።

ምሕረት ቤት። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ መጽሐፎቻቸው ተዘግተው። ዓይናቸውን የጨፈኑም አሉ። ምዕ. 27። መነጽሬን አደረግኩ። ማንም አላስቆመኝም፣ ድምፄ ቤቱን ሞላው፣ የምሕረት ድመት እንኳ ተጋድማ ጆሮዋን አቁማ ነበር። እያነበብኩ መሆኔን ረሳሁ። ሰዎቹ ብቻ ነበሩ።

ኤሳው ገባ። ጮኸ።

ቆምኩ።

ሳላስበው። አፌ ተዘጋ። ኳ የሚለውን ነው የምጠብቀው። ከዚያ አንድም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ኳ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ጣቴ ፊደሉ ላይ ነው፣ ቦታው አልጠፋኝም። ሴቶቹ ዓይናቸውን ገለጡ። አንዷ አሳለች። ቆየሁ መሰለኝ። እማማ ደክሟቸዋል አለች አንዷ ወጣት፣ በርኅራኄ፣ አየር መንገድ የምትሠራዋ። መጽሐፉን ከጉልበቴ ላይ ወስዳ ካቆምኩበት ቀጠለች። ፈጣን ናት፣ ጥርት ያለች። የኤሳው ልቅሶ በረራ ዘግይቷል እንደሚባለው ማስታወቂያ አለፈ።

ደህና አነበቡ አለችኝ ምሕረት ሲያልቅ። አመሰግናለሁ አልኩ። ቃሉ ይኸው ከሰው አፍ መጣ፣ ትከሻዬ ላይ እጅ ተደርጎበት። ለደከመ ሰው የሚባለው ነው።

ወንድሜ ስለ ዲያቆኑ ማቆሚያውን ያውቃል ብሎ ነበር። እውነቱን ነው። አስተምሮኛል።

አሁን ቤት ነኝ። ሰላም አልገባችም። ዋንጂሩ ቅዳሜ የለችም። መብራት ጠፍቷል፣ ቶከኑ፣ ቀድሞ የሚገዛው የመብራት ሂሳብ፣ አልቆ ይሁን ሰፈሩ ጨልሞ አላጣራሁም፤ በረንዳው በር አጠገብ ገና ብርሃን አለ። ወንበሩን እዚያ ጎተትኩት። የእሱ ወንበር ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው፣ አላነሳሁትም። ወለሉ ላይ መቋሚያው የመታበት ቦታ ትንሽ ተፍቋል፣ ሰላም ካየችው ትቆጣለች።

በድምፅ አነበብኩ፣ ከመጀመሪያው። የሚሰማኝ የለም። መዶሻው እንኳ ቅዳሜ ያርፋል። ሽማግሌው ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ በላ። ልጁ ወጣ። ሌላው ገባ። ጮኸ። ደግሞ አፌ ሊዘጋ ሲል ወንበሩን አየሁት። ባዶ ነው። ልቅሶውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ አባቱ የመለሰለትንም ትንሿን የተረፈች ምርቃት አነበብኩ፣ አለፍኩ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ገባሁ።

ከእንግዲህ እዚያ ቦታ ላይ አልቆምም።